ከገበታ የሚነሳ ሰው

እኔ ሰው ሲበላ እጁን የማይ ሰው ነኝ። መጥፎ ጠባይ ነው፤ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል። ሰርግ ቤት ስቀመጥ ሙሽራዋን ሳይሆን ከጎኔ ያለውን ሰው እጅ ነው የማየው። እኔ የቆረስኩበትን ጎን ይነካል ወይስ ትሪውን ቀስ አድርጎ ያዞረዋል? ሌላው ሰው ጠግቦና ጨፍሮ ይመለሳል፤ እኔ ይሄን ሰልዬ እመለሳለሁ።

ምክንያቱን ልናገር። አባቴ ባለእጅ ነበሩ። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ጋፋት አጠገብ ባለች መንደር፣ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ ነው ያሳደጉን። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ በአባቴ ማረሻ ያርሳል፣ በአባቴ ማጭድ ያጭዳል። ቤታችን ገብቶ ውሃ የሚጠጣ ግን አልነበረም። ቡዳ ናቸው ይሉናል። እነሱ የነኩትን የቀመሰ ሰው ሆዱን ታሞ ይሞታል ይላሉ። ድግስ ከጠሩን ለአባቴ ምግቡ በቅጠል ይሰጣቸዋል፤ የጠጡበት ቅል ለብቻው አጥር ላይ ይሰቀላል። አንድ ቀን ደክሟቸው ሰዎች ከሚበሉበት ገበታ አጠገብ አረፍ ቢሉ፣ አራቱም ሰዎች እጃቸውን እያራገፉ ተነሱ። እንጀራው ገና ግማሽ አልሆነም። አባቴ ብቻቸውን ከምግቡ ፊት ቀሩ፤ አልነኩትም። ልጅ ነበርኩ። እጅ ማየት የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

በኋላ ቤሩት ሄጄ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ። እመቤቲቱ በመጀመሪያው ቀን «ይሄ ያንቺ ብርጭቆ ነው፣ ከኛ ጋር እንዳይቀላቀል» ስትለኝ ሳቄ መጣ። እኔ ይሄን ከአገሬ ተምሬው ነው የመጣሁት፤ ለኔ አዲስ ነገር መስሏት! ስመለስ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ፤ አባቴንም ከመንደር አምጥቼ ከኔ ጋር አስቀመጥኳቸው።

ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት። አገሩ የታቦትና የቅዳሴ አገር ነው፤ እኛ ጥቂቶች ስለሆንን ሰው ሁሉ በጅምላ «ጴንጤ» ይለናል። ትክክለኛ ስማችን ፕሪስቢቴሪያን ነው። የምንተዳደረው በአንድ ፓስተር ቃል ሳይሆን ምእመኑ በመረጣቸው ሽማግሌዎች ነው፤ ከነሱ በላይ ደግሞ የአጥቢያዎቹ ሁሉ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት የበላይ ጉባኤ አለ። አባቴ እዚያ የገቡት በስብከት አይደለም። አንድ ወንጌላዊ ቢላ ሊያስል መንደራችን መጣና፣ ምሳ ሰዓት ስለነበር፣ ግቡ ሳይባል ገብቶ ከኛ ገበታ በላ። «ሦስት ጊዜ ጠቅልሎ ጎረሰ» ይሉ ነበር አባቴ እስከ መጨረሻቸው፤ «ትምህርቱን የሰማሁት ከዚያ ወዲያ ነው።»

እኛ ዘንድ ሌሎች ጴንጤዎች እንኳን የሚስቁበት አንድ ልማድ አለ። የጌታ እራት በሦስት ወር አንዴ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ሽማግሌዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ። ቁጭ ይሉና «ከማን ጋር ተጣልተሻል?» ብለው ይጠይቁሻል። የተጣላሽው ሰው ካለ ትታረቂያለሽ። ከዚያ አንዲት የቆርቆሮ ምልክት እጅሽ ላይ ያኖራሉ፤ እሁድ ያቺን ሳህን ውስጥ ጥለሽ ከዳቦውና ከጽዋው ትካፈያለሽ። ምልክቶቹን ከዘይት ጣሳ የቆረጡት፣ ጠርዛቸው እጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ ያለሰለሱት አባቴ ናቸው። ዳቦውን ደግሞ እናቴ ትጋግር ነበር፤ እሷ ካረፈች በኋላ እኔ። እስቲ አስቡት፤ አገር ምድሩ እኛ የነካነውን አይቀምስም፣ ቤተ ክርስቲያኗ ግን በሙሉ ከእጃችን ትበላለች። አባቴ ቀና ብለው የሚሄዱት በዚህ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከላይ ነው። የበላይ ጉባኤው አንድ ነቢይ ነኝ ባይ ተቀበለ። ሰውዬው የታሸገ ውሃ ላይ እየጸለየ ለበሽተኛ ያድላል፤ ይሄን የጠጣ መድኃኒት አያስፈልገውም ይላል። ጉባኤው መገሠጹ ቀርቶ መድረክ ሰጠው። ለኛም ደብዳቤ ጻፉልን፤ ተቀበሉት የሚል።

ሽማግሌዎቻችን ጥቂቶች ነበሩ፤ ለዚህ ታሪክ ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። አንዱ አባቴ ናቸው። ሁለተኛው የፊዚክስ መምህር ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ሰው የማይለማመጥ። ሦስተኛው እህል ነጋዴ ናቸው፤ ከአንበሳሜ ጤፍ፣ ከገሳይ ገብስ እያመጡ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ትልቅ፣ ሳቃቸው ትልቅ። ባገኙኝ ቁጥር «የወንድሜ ልጅ!» ብለው ትከሻዬን ይመቱኛል። መምህሩ አሁኑኑ እንለይ አለ። አባቴና ነጋዴው አንለይም አሉ።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡ ቀን አባቴን ደግፌ የወሰድኳቸው እኔ ስለሆንኩ ግድግዳው ጥግ ተቀምጬ ሰማሁ።

«የወለደችን እናት ቤተ ክርስቲያን ናት» አሉ ነጋዴው። «ታመመች ብለን ጥለናት እንሂድ? እናንተም ይሄን ስበኩ ብለው ገና አላስገደዱን። እስኪያስገድዱን ከውስጥ ሆነን እንጩህ።»

«ታመመች አላልኩም፤ ሰው እየመረዘች ነው ያልኩት» አለ መምህሩ። «ሰው ኪኒኑን እየጣለ ነው። እኛ በነሱ ማኅተም ደብዳቤ እየጻፍን፣ በነሱ ስም እየተጠራን፣ እስከ መቼ? ምን እስኪሆን ነው የምንጠብቀው?»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ለመናገር ትንፋሻቸውን መሰብሰብ ነበረባቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የከሰል ጭስ የጠጣ ሳንባቸው አልቆ ነበር። ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጠንም።

«እስኪያስወጡን» አሉ። «እኔ ከገበታ አልነሳም። ሲነሱብኝ አይቻለሁ፤ በማንም ላይ ግን አልነሳም።» ቀጥለውም ለመኑ። «አንድ ነገር ብቻ ስጡኝ። ልሞት ነው። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ሁላችንም፣ አንድ ሰው ሳይጎድል፣ እራቱን አብረን እንብላ። ከዚያ ወዲያ ያሻችሁን ሁኑ።»

መምህሩ የፈለገው ድምፁ ከእራቱ እንዲቀድም ነበር። በመጨረሻ «እሺ፣ ስለ እርስዎ» አለ። እኔ አላመንኩትም። ስለ እርስዎ? ከመቼ ወዲህ?

እውነቱን ልናገርና፣ በነገሩ ላይ እኔ ከመምህሩ ጋር ነበርኩ። የሚያናድደኝም ይኸው ነበር። ያ ነቢይ ተብዬ አታላይ መሆኑን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። መምህሩን ግን ጠረጠርኩት። ከሁለት ሳምንት በፊት ሱቄ መጥቶ፣ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ፣ «የእራቱን ዳቦ ለምን ከዳቦ ቤት አንገዛም? አንቺም ሥራ በዝቶብሻል፣ አባትሽም ታመዋል» ብሎኝ ነበር። ደሜ ፈላ። ሥራ በዝቶብሻል! ያን ቋንቋ እኔ አውቀዋለሁ። የሚጸየፉን ሰዎች ሁሌም አንገታቸውን ደፍተው፣ ተቆርቋሪ መስለው ነው የሚጀምሩት። «እጄ ላይ ምን አየህ?» አልኩት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ዞሮ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ጣልኩበት። ስለ መለየት የጻፈውን ወረቀት ሊያባዛ ሲመጣ እያንዳንዱን ገጽ አነበብኩ።

«ጨረስሽው?» አለኝ ከማሽኑ ወዲያ ቆሞ።

«ማሽኑ እስኪሞቅ ምን ልሥራ?»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

«ስለ ሰውዬው ያልከው ልክ ነው። እኔ የማላውቀው አንተ የምትሸሸው ከሱ ይሁን ከሌላ ሰው ነው።»

አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ተወው። ይሄው፣ አልኩ በልቤ፣ ተያዘ። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ያቆምና ያለ ባለእጅ ዳቦ ንጹሕ ሆኖ ሊኖር ነው። ለአባቴ ግን አልነገርኳቸውም። በዚያ ሳንባ ላይ ይሄን መጨመር አልቻልኩም።

ዳቦውን እኔው ጋገርኩት፤ በእልህ። የገሳይ ስንዴ፣ በደንብ የተቦካ፣ ትልቅ ድፎ።

እሁድ ጠዋት ሰው ሁሉ መጣ። ምልክቶቹ ሳህኑ ውስጥ ሲወድቁ ቆርቆሮው ይንኳኳል፤ አባቴ እያንዳንዱን ድምፅ ጆሯቸውን ሰጥተው ይሰማሉ። የዳቦውን ሳህን እኔ ልያዝ ብላቸው እምቢ አሉ። እሳቸው ሳህኑን ይዘው፣ እኔ ክርናቸውን ይዤ፣ ከወንበር ወደ ወንበር ሄድን። እኔ የምጠብቀው አንድ ሰው ነበር።

መምህሩ ዘንድ ደረስን። ትልቅ አድርጎ ቆረሰ። ጎረሰ። አኘከ፣ ዋጠ። ቀና ብሎ አባቴን አያቸው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ቅር አለኝ። አዎ፣ ቅር አለኝ! ልይዘው ነበር የመጣሁት።

ቀጥለን ነጋዴው ዘንድ ደረስን። እጅ ነስተው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው አቀረቀሩ፤ ሲጸልዩ ይመስላል። እኔ አባቴን ከጎን ደግፌ ስለቆምኩ ከጋቢው ስር ይታየኛል። ግራ እጃቸው ከኪስ መሐረብ አወጣ። ዳቦው መሐረቡ ውስጥ ገባ። መሐረቡ ኪስ ውስጥ ገባ። ከዚያ ጋቢውን ገለጥ አድርገው ማኘክ ጀመሩ። ባዶ አፍ! የሌለ ዳቦ ያኝካሉ፤ ጉሮሯቸውም ይውጣል። ጽዋው ሲደርስም ከንፈር አስነክተው አሳለፉት።

ክርናቸውን የያዝኩት እኔ መሆኔ ቀርቶ አባቴ እኔን ያዙኝ። ያን ሁሉ ዓመት የሰው እጅ ስሰልል፣ የኚህን ሰው እጅ አንድ ቀን አላየሁም። የኛ ወገን ናቸዋ! ትከሻዬን ይመቱኛል! ቤታችን በመጡ ቁጥር «ጨጓራዬን፣ ሐኪም ከልክሎኛል» የሚሉት ነገር ያን ጊዜ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያን ሰው በልቤ አንቱ ማለት አቆምኩ።

ቤት ገብተን አባቴ ፀሐይ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው በርቷል። ነገሩን በሆዴ ልይዘው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም።

«አባየ፣ ነጋዴው ዳቦውን አልበላም። መሐረብ ውስጥ ከተተው። በዓይኔ አየሁት።»

አባቴ አልደነገጡም። የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

«ዛሬ ነው ያየሽው?» አሉ።

«እንዴት ዛሬ ነው ይሉኛል? ያውቁ ነበር?»

«ሃያ ዓመት ሆኖኛል።»

«ሃያ ዓመት! ታዲያ እንዴት ዝም ይላሉ? ሰዎቹ የበላይ ጉባኤው ተሳሳተ ብለው ይጣላሉ፤ ስህተቱ እዚሁ ጎናችን ተቀምጦ የለም እንዴ?»

«ተቀምጧላ» አሉ። «እሱን ነው እኮ የምልሽ። እነዚያ አራቱ ተነስተው ሄዱ፤ እስከ ዛሬ አንዳቸውም አልተመለሱም። ይሄ ግን አልተነሳም። ሲያፍር፣ ሲደብቅ፣ ባዶ አፉን ሲያኝክ ሃያ ዓመት ተቀመጠ። ብናገረው ይነሳል። በየሦስት ወሩ ቤቱ እሄዳለሁ፤ ከማን ጋር ተጣልተሃል እለዋለሁ። ከማንም ይለኛል። ምልክቱን እሰጠዋለሁ። አንድ ቀን ይበላ ይሆናል።»

«እኔ ይሄን አልችልም።»

«አውቃለሁ» አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ። «ብቻ አንቺ አትነሺ።»

በሚቀጥለው እሁድ ድምፅ ተሰጠ። አንለይም ያሉት በጥቂት ድምፅ በለጡ። መምህሩና ወደ ግማሽ የሚጠጋው ምእመን ወጡ፤ በገሳይ መውጫ በኩል አንድ ቤት ተከራይተው መሰብሰብ ጀመሩ። መምህሩ አባቴ አልጋ ድረስ መጥቶ በሽማግሌነቱ ሲዞር እጁ ላይ የቀረችውን አንዲት ምልክት ሊመልስ እጁን ዘረጋ። አባቴ ጣቶቹን አጥፈው መዳፉን ዘጉት። «ያዘው» አሉት። «ያንተ ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት አባቴ አረፉ።

ለቅሶው ላይ ሁለቱም ወገን መጣ። መምህሩ ጥሏቸው የወጣቸው ሰዎች መካከል ሳይሳቀቅ ገብቶ ከኔ ጋር አንድ ትሪ ላይ ተቀመጠ። እኔ የቆረስኩበትን ጎን ቆርሶ በላ። ነጋዴው ከሁሉ በላይ አለቀሰ፤ ድንኳኑን የተከለ፣ ወንበር የተሸከመ እሱ ነው። ምሳ ሲቀርብ ጨጓራውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። ተለየን ያለው ሰው ከኔ ጋር ይበላል፤ አልለይም ያለው አጥር ስር ቆሟል። እንዲህ ዓይነት ጉድ ይታያል?

«ያን ቀን ስለ ዳቦ ቤቱ ያልኩሽ» አለኝ መምህሩ ቀስ ብሎ፣ «አንዳንድ ሰው ከእጅሽ እንደማይበላ ሰምቼ ነው። አባትሽ ሳያዩት ቢሞቱ ብዬ ነበር።»

«አይተውታል» አልኩት። «ለምን በግልጽ አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«እንግዲያው ካንተ ጋር ልምጣ» አልኩ። ከልቤ ነበር። የአባቴን ቃል ባሰብኩ ቁጥር የመሐረቡ ነገር ይመጣብኛል።

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። «ከመጣሽ ደስ ይለኛል። ግን አልዋሽሽም፤ ከኔም ጋር ከወጡት መካከል እንዲህ ያለ ሰው አለ። የነቢዩን ነገር ጥለን ወጣን፤ ይሄንን ግን ይዘነው ወጣን። ስሙንም አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተናገርኩትም።»

ስለዚህ የትም ሳልሄድ ሦስት ወር ሞላ።

የእራቱ ሳምንት ደረሰ። ሽማግሌዎች የሚዞሩት ሁለት ሁለት ሆነው ነበር፤ አሁን ስላነሱ ለየብቻ ይዞራሉ። ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ነጋዴው ነው። መደቡ ላይ፣ አባቴ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ፣ መከዳውን አስተካክሎ ተቀመጠ። ስለ ዝናብ አወራ፤ ስለ ጤፍ አወራ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ የተለመደውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ከማን ጋር ተጣልተሻል፣ ልጄ?»

«ከእርስዎ ጋር» አልኩ።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ምን አደረግሁሽ?»

«መሐረቡን አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «አባትሽስ?» አለ፤ ያ ትልቅ ድምፅ ጠፍቶ።

«ያውቁ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ።»

ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። «በቡዳ አላምንም እኮ» አለ ከጋቢው ውስጥ። «በልጅነቴ እህቴ ሞተች፤ የባለእጅ እንጀራ በልታ ነው አሉን። ሳድግ ውሸት መሆኑን አወቅሁ። ግን ዳቦው አፌ አጠገብ ሲደርስ ጉሮሮዬ ይዘጋል። እንዳልሄድ ከአባትሽ የሚበልጥ ወንድም የለኝም፤ እንዳልበላ ይሄ አለ። ምን በወጣኝ ነው እንዲህ የሆንኩት?»

አላዘንኩለትም። ተነስቼ ጓዳ ገባሁ፤ ጠዋት ለእሁዱ ሊጥ ልሞክር የጋገርኳት ትንሽ ዳቦ ነበረች። ቆርሼ ፊቱ አኖርኩ። በዓይኔም እጁን ያዝኩት፤ እንደ ልማዴ። አነሳው። ጎረሰ። ጋቢውን ወደ አፉ አልሳበም። አኘከ፤ ቆየ፤ ፊቱን ላብ አጠመቀው። የዋጠ መሰለኝ። ከዚያ አንዲቷን የቆርቆሮ ምልክት እጄ ላይ አኖረና፣ አንድ ቃል ሳይጨምር ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ መከዳውን አነሳሁ። ምንጣፉን ገለጥኩ። ስልኬን አብርቼ ከመደቡ ስር ተንበርክኬ አየሁ። ቁራሿን ፈለግሁ። ምንም አልነበረም፤ ፍርፋሪ እንኳን። ምልክቷን እንደጨበጥኩ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰውዬው በልተው ነበር የሄዱት። ከገበታው ከተነሳሁ የቆየሁት እኔ ነኝ።